ከጎማ አላይመንት በኋላ የመሪው ሴንሰር እንደ ገና ይስተካከል ወይ?
በባሕር ዳር ጋራዦች ስለሚነገሩ ሁለት አሳቦች የቀረበ ሂስ

በባሕር ዳር ከተማ በጋራዥና በጎሚስታ ደጅ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ስለ መኪና መሪ ሁለት የሚቃረኑ አሳቦች ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው፦ «አላይመንት ከተሠራና መሪው ቀጥ ካለ ነገሩ አልቋል፤ ሴንሰር የሚባለውን መነካካት ገንዘብ ለማስወጣት ብቻ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «አላይመንት በተሠራ ቁጥር ሴንሰሩ በኮምፒዩተር እንደ ገና ዜሮ መደረግ አለበት፤ ያለዚያ የተሠራው ሥራ ከንቱ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም በሙሉ ልብ ይነገራሉ። ሁለቱም ባለመኪናውን ያስከፍላሉ፤ አንደኛው በአደጋ፣ ሁለተኛው በገንዘብ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁለቱን በየተራ መርምሮ፣ እውነት ያለበትን ከሌለበት ለይቶ፣ ለሠራተኛውም ለባለመኪናውም የሚሆን አንድ ፍርድ ማቅረብ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በከተማችን ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መጥቷል። በእነዚህ መኪናዎች መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር ይታገዛል፤ ፍሬኑን ኮምፒዩተር ይቈጣጠረዋል፤ በአንዳንዶቹም ካሜራ መንገዱን እያየ መሪውን ራሱ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚቆመው «መሪው አሁን ስንት ዲግሪ ዞሯል?» በሚለው አንድ ጥያቄ መልስ ላይ ነው። መልሱን የሚሰጠው ያ ሴንሰር ስለ ሆነ፣ ሴንሰሩ ሲሳሳት ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይሳሳታል።

አስቀድመን ስለ ሁለቱ ነገሮች ምንነት ጥቂት እንናገር። አላይመንት ማለት አራቱ ጎማዎች በአምራቹ በተወሰነላቸው ማዕዘን እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ሦስት ዋና ዋና ማዕዘኖች አሉ። እነርሱም ቶ፣ ካምበርና ካስተር ይባላሉ። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ በፊታቸው በኩል መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው፤ ካምበር ከፊት ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበላቸው ነው፤ ካስተር ደግሞ መሪው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ መጋደሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጋራዥ የሚነካው የፊተኛው ቶ ነው፤ ይህም የሚስተካከለው ታይሮድ የሚባሉትን ዘንጎች በማስረዘምና በማሳጠር ነው።

ሴንሰሩ ግን ከጎማው አጠገብ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመሪው ሥር፣ የመሪውን ዘንግ ከብቦ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከሚሠራቸው አንዱ ዓይነት የጥርሳቸው ቍጥር የተለያየ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት። መሪው ሲዞር ሁለቱ እኩል ስለማይዞሩ፣ ከልዩነታቸው መሪው ስንት ዙርና ስንት ዲግሪ እንደ ዞረ ይታወቃል፤ ይህም እስከ ዲግሪ ዐሥረኛ ድረስ ይለካል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሴንሰሩ የሚለካው የመሪውን ዘንግ እንጂ ጎማውን አይደለም። አላይመንት የሚለውጠው ደግሞ በመሪው ዘንግና በጎማው መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። የክርክሩ ሥር ያለው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከጣና ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ዳር ዳርቻ ተነሥቶ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ወዳለችው ደብረ ማርያም በደንገል ታንኳ የሚሻገር ቀዛፊ፣ ውሃው ወደ ጎን ስለሚስበው የታንኳውን አፍንጫ ከሚደርስበት ቦታ ጥቂት ወደ ላይ አዙሮ ይቀዝፋል። አፍንጫውን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ሰው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይሳሳታል፤ የታንኳውን እውነተኛ መንገድ የሚያውቀው ዳሩን የሚያይ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የጠመሙ መኪናም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ጎድሎ ይያዛል። ሴንሰሩ አፍንጫውን ብቻ እንደሚያይ ሰው ነውና «መኪናው እየዞረ ነው» ይላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አሳብ እንመለስ። «መሪው ቀጥ ካለ ነገሩ አልቋል» የሚሉት ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም። ሴንሰሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ዜሮ ካልተነካ፣ መሪው በሚገባ መካከል ላይ ታስሮ የሁለቱ ወገን ታይሮድ እኩል ከተስተካከለና የኋላ ጎማዎቹም ቀጥ ካሉ፣ መሪው ቀጥ ሲል የሴንሰሩም ንባብ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለ አላይመንት ስሕተትን ያስወግዳል እንጂ አይፈጥርም። ታዲያ ጥፋታቸው የት ላይ ነው? «ካለ» የምትለውን ቃል ሳይመረምሩ ማለፋቸው ነው። መሪ ቀጥ የሚልበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለምና።

ለዚህ እኛ ራሳችን ያየነውን እንናገራለን። ባለፈው ክረምት የአንድ መምህር ራቭ ፎር መኪና መሪዋ ወደ ቀኝ ጎድሎ ይያዝ ስለ ነበር ወደ አንድ ጋራዥ ገባች። ሠራተኛው የፊተኛውን ቶ አስተካከለ፤ መሪው ግን እንደ ጎደለ ቀረ። በኋላ እንደ ተረዳነው የጠመመው የኋላው ነበር። ሠራተኛው ግን መሪውን ከዘንጉ ነቅሎ በጥርሱ ላይ ጥቂት አዙሮ መልሶ አሠረው። መሪው ቀጥ አለ። በማግስቱ በዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለው ብጫ መብራት በራ። መምህሩ ተመልሰው ሲጠይቁ፦ «መምህር፣ መኪናዎ ቀጥ ብሏል፤ መብራቱ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው፤ ይለምዱታል» ተባሉ።

በዚህ ሥራ ምን እንደ ተደረገ እንመልከት። ሴንሰሩ ያለው ከመሪው በታች በዘንጉ ላይ ስለ ሆነ፣ መሪው ተነቅሎ ሲዞር ሴንሰሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። የሰውየው ዐይን ብቻ ተታለለ። አስቀድሞ ጎድሎ ይያዝ የነበረው መሪ ቢያንስ ለነጂው እውነቱን ይነግረው ነበር፤ አሁን ግን ምስክሩ ዝም አለ፤ ጥፋቱ ግን አለ። ስለዚህ መብራቱ የኤሌክትሪክ ጠባይ አልነበረም፤ በጋራዡ ውስጥ እውነቱን የተናገረው እርሱ ብቻ ነበር።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ እንዴት ነው? በብዙ አውቶሞቢሎች የፊት ጎማ 1 ዲግሪ እንዲዞር መሪው 15 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። የኋላ ጎማዎቹ በጠቅላላው 0.3 ዲግሪ ቢጠሙ፣ መኪናው ቀጥ እንዲሄድ የፊቶቹም በዚያው ልክ መዞር ስላለባቸው መሪው 4.5 ዲግሪ ይጎድላል። ስፋቱ 37 ሴንቲ ሜትር በሆነ መሪ ላይ ይህ በጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ብዙ ነጂ «ትንሽ ናት» ብሎ የሚያልፋት ልክ ናት። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን 0.3 ዲግሪ እንደ እውነተኛ መታጠፍ ይቈጥረዋል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.6 ሜትር ያለው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ እጅግ ቀላል በሆነው ስሌት በሰከንድ 2.5 ዲግሪ ያህል መዞር ነበረበት። የጎማውን መለመጥ ስናስገባ ቍጥሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ ምንም አይወርድም። መኪናው በእውነት የሚዞረው ደግሞ 0 ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያመጣል? ለዚህ መንሸራተትን የሚከለክለውን ሥርዓት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ኢ.ኤስ.ሲ. እየተባለ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ቦሽና መርሴዲስ አብረው በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ አወጡት፤ ቶዮታም በዚያው ዓመት የራሱን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1997 መርሴዲስ ኤ ክላስ በስዊድን በተደረገ ድንገተኛ የመታጠፍ ፈተና ከተገለበጠ በኋላ በትንሹም መኪና ላይ ይገባ ጀመር። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆነ። በዚያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ መኪና ብቻውን በሚደርስበት የሞት አደጋ ላይ ወደ ግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። የሚሠራውም እንዲህ ነው፦ ከመሪው ሴንሰር ነጂው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ያነባል፤ ከሌላ ሴንሰር ደግሞ መኪናው በእውነት ወዴት እየዞረ እንደ ሆነ ያነባል፤ ሁለቱ ከተወሰነ ልክ በላይ ሲለያዩ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል።

እንግዲህ ሴንሰሩ ቀጥ ባለ መንገድ «ወደ ቀኝ ዞሯል» የሚል ቢሆን፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ኮምፒዩተሩ ከእውነቱ የበለጠ መታጠፍን ይጠብቃል። በዚያን ጊዜ የመኪናው ጅራት ቢንሸራተትና መኪናው ከሚገባው በላይ ቢዞር፣ ያ ትርፍ ዙር «የሚጠበቀው ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ፍሬኑ ዘግይቶ ይደርሳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሳይንሸራተት «ተንሸራተተ» ተብሎ ያለ ምክንያት ይያዛል። አንዱ ወገን ይሰንፋል፤ ሌላው ወገን ይቸኵላል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በሐምሌ ዝናብ የሚሄድ ሰው መኪናው በግራና በቀኝ እንዲህ የተለያየ ጠባይ እንዳላት ሳያውቅ ወደ መታጠፊያው ይገባል። የመጀመሪያው አሳብ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ የሚያልፈው ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው አሳብ እንለፍ። «በተሠራ ቍጥር ሴንሰሩ ዜሮ ይደረግ» የሚሉት ለጥንቃቄ የቆሙ ይመስላሉ፤ ብዙ አምራቾችም ከአላይመንት በኋላ ይህ እንዲደረግ ማዘዛቸውን ያስረዳሉ። ይህ እውነት ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች የጥገና መጽሐፍ የፊት አላይመንት ከተነካ በኋላ የዜሮ ነጥብ ማስተካከያ እንዲደረግ ይጠየቃል። በሌሎች መኪናዎች ግን ኮምፒዩተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ሲነዳ መካከሉን ራሱ ይማራል፤ በአንዳንዶቹም መሪውን እስከ ግራ መጨረሻ፣ ከዚያም እስከ ቀኝ መጨረሻ ማዞር ይበቃል። ስለዚህ «ሁልጊዜ» እና «በማናቸውም መኪና» የሚለው ቃል ከመጽሐፉ የተገኘ ሳይሆን ከሠራተኛው የመጣ ነው።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ዜሮ ማድረግ ማለት ለኮምፒዩተሩ «አሁን ያለህበት ቦታ ቀጥታ ነው፤ እመነኝ» ማለት ነው። ኮምፒዩተሩም ያምናል። የተናገረው ሰው ከተሳሳተ ግን ስሕተቱን እንደ እውነት መዝግቦ ይይዛል። የኋላው ጎማ ጠሞ፣ መሪው ጎድሎ ሳለ ዜሮ ቢደረግ መብራቱ ይጠፋል፤ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጎማው ግን በአንድ ወገን መበላቱን አይተውም። ያ መኪና በሌላ ጊዜ በሌላ ጋራዥ በትክክል ቢሠራ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የተማረው ጠማማ ዜሮ ከትክክለኛው አላይመንት ጋር ይጣላል፤ መብራቱም በትክክለኛው ሥራ ማግስት ይበራል። ቀድሞ ያጠፋው ይመሰገናል፤ ኋላ ያስተካከለው ይወቀሳል። አንድ ማስተካከያ ጥፋትን የሚሸፍን መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል የሁለተኛው አሳብ ባለቤቶች ሲናገሩ አልሰማንም።

የሁለቱ አሳቦች ወላጅ አንድ ነው፤ እርሱም ሳያነቡ መሥራት ነው። የመጀመሪያው ሳያነብ ይተዋል፤ ሁለተኛው ሳያነብ ይነካል። የእኛ ፍርድ ግን ይህ ነው፦ ማስተካከል ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ማንበብ ግን ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ከአላይመንት በፊት የምርመራው መሣሪያ ይሰካና መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ ሴንሰሩ ስንት እንደሚል ይጻፋል። ከዚያ በአራቱም ጎማ ላይ ተለክቶ፣ ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ይሠራል፤ የፊቱ የሚለካው በኋላው መስመር ነውና። ሥራው ሲያልቅ መኪናው በመንገድ ይነዳና እንደ ገና ይነበባል። ንባቡ ወደ ዜሮ ከቀረበ ምንም አይነካም። ከራቀ ግን የአምራቹ መጽሐፍ ይታያል፤ በሚያዘውም መንገድ፣ በመሣሪያ ወይም በመንዳት፣ ይስተካከላል። የተነቀለ መሪ፣ የተለወጠ የመሪ ዘንግ ወይም የተለወጠ ሴንሰር ካለ ንባቡ ምንም ቢል መጽሐፉ ሳይታይ መኪናው አይወጣም።

በመንገድ መፈተንም የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። አስፋልት ውሃ እንዲፈስስበት ከመካከሉ ከፍ፣ ከዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መኪናው ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ነጂውም ሳያውቀው መሪውን ጥቂት ወደ ግራ ይይዛል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ፣ ባጃጅ በሚጋፋበትና የፍጥነት መቀነሻ ጕብታ በበዛበት መንገድ የተገኘ ንባብ ለፍርድ አይበቃም። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት በኋላ ረጅምና ደልዳላ ቦታ ይገኛል። በዚያ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዶ መመለስ፣ የሁለቱንም ንባብ ማነጻጸር መልካም ነው። ነፋስ ከሐይቁ በኩል ሲነፍስ በአንዱ አቅጣጫ የገፋው በሌላው ስለሚመለስ፣ ከሁለቱ መካከለኛው ለእውነት ይቀርባል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች አንድ ነገር ጨምረን እናልፋለን። በእነዚህ መኪናዎች የመሪው ሞተር ከመታጠፊያ በኋላ መሪውን ወደ መካከል ይመልሳል። መካከሉን የሚያውቀው ደግሞ ከሴንሰሩ ነው። ዜሮው ከተሳሳተ ሞተሩ መሪውን ወደ ተሳሳተው መካከል ይስባል፤ ነጂውም «አላይመንቱ አልተሠራልኝም» ብሎ ይመለሳል። መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ያላቸው ከሆኑም፣ ብዙ አምራቾች የኋላው ቶ ከተነካ ካሜራውና ራዳሩ እንዲመረመሩ ያዝዛሉ፤ እነርሱም ፊት የሚሉት ከኋላው ጎማ የሚነሣውን መስመር ነውና። የአላይመንት ሥራ የብረት ሥራ ብቻ የነበረበት ዘመን በዚህ አበቃ።

በመጨረሻ ሂሳችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ጋራዡን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ያ መሪ የነቀለው ሠራተኛ እጁ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ያልሠለጠነው መጽሐፉ ያልደረሰው ዐይኑ ነው። የምርመራው መሣሪያ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሁን አሁንም በቻይንኛ። ይህች ከተማ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቁሞባታል፤ ያም ተቋም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስድሳ ዓመት በላይ የቴክኒክ ትምህርት በተሰጠበት ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ጥቂት ራቅ ብሎ የሚሠራ መካኒክ «ይህን መብራት እንዲህ አንብበው» የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ ካላገኘ፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን? እኛ የምንማረው ስሌት ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ እስከ ጎሚስታው ደጅ መድረስ ካልቻለ የተማርነው ለማን ነው?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ለመካኒኩም ለተማሪውም የተነገረ ነው። የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው፦ የመኪና ምሕንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን በከተማው ከሚታዩት መኪናዎች ዋና ዋናዎቹን መርጠው፣ ለእያንዳንዱ ከአላይመንት በኋላ ምን እንደሚነበብና ምን እንደሚስተካከል ከአምራቹ መጽሐፍ አውጥተው፣ በአንድ ወረቀት በአማርኛ ጽፈው በጋራዥ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ቢያደርጉ። የመምህሩ መኪና የኋላ ጎማዋ በሌላ ቦታ ተስተካክሎ፣ መሪዋም ወደ ጥንት ጥርሱ ተመልሶ መብራቱ ጠፍቷል፤ ሴንሰሩን ግን ማንም አልነካውም፤ አላስፈለገምና። ይህ ራሱ የክርክሩ መልስ ነው። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ያለው አንባቢ ቢኖር አሳቡን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርብልን እርማቱን በደስታ እንቀበላለን።